በሉጥፊያ ስም የተቀዳ ደም

ካርቱም ውስጥ ረሺዳን በስሟ የምትጠራት ሙኒያ ብቻ ነበረች፤ እሷም በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ለቀረው ሰው፣ ለፖሊሱም ለዳቦ ሻጩም፣ ረሺዳ ሉጥፊያ ነበረች። አል-ጣኢፍ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሚኖሩት እመቤት፣ ሲት ናስራ፣ ከወሎ ሠራተኛ ሲያስመጡ፣ እህት እህቷን ትጠብቃለች ብለው እህትማማቾች እንዲሆኑላቸው ጠየቁ። ሙኒያና ታናሿ ሉጥፊያ ፓስፖርት አወጡ። ሊነሱ ሳምንት ሲቀራቸው ሉጥፊያ ተዳረችና ቀረች። ፓስፖርቱ ለምን ይቅር ተባለና የጎረቤት ልጅ ረሺዳ የራሷን ፎቶ አስለጥፋበት ተሳፈረች። ደላላው በደንብ ትመሳሰላላችሁ ብሏቸው ነበር፤ ደላላ ደግሞ መቼ አትመሳሰሉም ብሎ ያውቃል።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሙኒያ ታበስላለች፣ ረሺዳ ልጆቹን ትይዛለች። ረሺዳ ከልጆቹ እኩል አረብኛውን ስትለምድ ሙኒያ ከማድቤት ቃላት ሳታልፍ ቀረች። ሐኪም ቤትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ለማሳደስ ሲኬድ፣ የሙኒያ አፍም ጆሮም ረሺዳ ነበረች።

በፈረንጆቹ 2003 ሙቀቱ ሲከር፣ ሙኒያ ይደክመኛል ማለት አበዛች። ሲት ናስራ ታናሽ ወንድማቸው ዘንድ ላኳት። ዶክተር ሳዲቅ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የዕጢ ሐኪም ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርዱ በሽታዎችን ያጠናል። ሰው ሲተዋወቅ ከሰላምታ ቀጥሎ አያትህ በምን ሞቱ ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። የሙኒያ ደም ውስጥ ካልሲየም በዝቶ ሲያገኝ ወረቀት አወጣና ክብ ሣለ፤ ሥሩ ሙኒያ ብሎ ጻፈበት። ከጎኑ ሌላ ክብ ሣለና ቀና ብሎ ረሺዳን አያት።

"እህቷ አንቺ ነሽ አይደል? ያንቺንም ደም እፈልጋለሁ።"

ረሺዳ ወደ ሙኒያ ዞረች። ሙኒያ በአማርኛ ቀስ ብላ፣ "ስጪው፤ ምን ቸገረሽ" አለቻት። ለኢቃማ በየዓመቱ ደም ይሰጡ የለ? ይህም ማኅተም እስኪመታ ነው የመሰላቸው። ረሺዳ ክንዷን ዘረጋች። ብልቃጡ ላይ ሉጥፊያ ተብሎ ተጻፈ።

በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ። ሙኒያ ኮሪደር ላይ አረፍ ስትል ዶክተሩ ለረሺዳ ነገሩን አንድ በአንድ ያስረዳት ጀመር። ካልሲየም እንዲህ የሚበዛው በሁለት ምክንያት ነው አላት። አንደኛው፣ አንገት ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሉ፣ ከነሱ አንዱ ሲያብጥ ነው፤ ያ ተቆርጦ ይወጣል። ሁለተኛው ከወላጅ የሚወረስ ነው፤ ሰውየው ካልሲየሙ በዝቶ ይወለዳል፣ በዝቶ ይኖራል፣ ምንም አይሆንም። እሱን መቁረጥ ጤነኛን ማሳመም ነው። ያሠራት የሽንት ምርመራ ሁለቱን መለየት ነበረበት፤ የሙኒያ ግን መሐል ላይ ወደቀ። እህት ያስፈለገችው ለዚህ ነው፤ የእሷም በዝቶ ከተገኘ የሚወረሰው ነው ማለት ነው።

"ያንቺ ደም ልክ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አላት። "እንግዲህ ወደ ቀዶ ሕክምናው አዘንብያለሁ። ሌላ እህት ወይም ወንድም አላችሁ?"

ሌላ እህትማ አለች፤ እውነተኛዋ ሉጥፊያ፣ ሐይቅ ከተማ ሁለት ልጅ ወልዳ የምትኖረው። ግን ይህ ሰው የሲት ናስራ ወንድም ነው። ዓምና ጎረቤት ቤት አንዲት ልጅ በሰው ወረቀት ስትሠራ ተገኝታ፣ ፖሊስ የጠሩባት ሲት ናስራ ራሳቸው ናቸው። እኔ ብያዝ ሙኒያም ትያዛለች ስትል ረሺዳ ለራሷ ነገረች። እውነቱ ግን በዚያች ደቂቃ ያሰበችው ስለ ራሷ ብቻ ነበር።

"የለንም" አለችው።

ኮሪደር ላይ ሙኒያ ምን አለሽ ስትላት፣ አንገትሽ ውስጥ ያበጠ ዕጢ አለ፣ ያወጡልሻል፣ ኢንሻአላህ ትድኛለሽ አለቻት። ዶክተሩ ሩብ ሰዓት ያወራውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እስከ ቀዶ ሕክምናው አሥራ ሁለት ቀን ነበራቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት፣ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ረሺዳ ሁልጊዜ ነገ እነግራታለሁ ትላለች፤ ሲነጋ ደግሞ ሐኪሙ ከኔ በላይ ያውቃል ብላ ዝም ትላለች።

ቀዶ ሐኪሙ ያበጠ ዕጢ ፈልጎ አጣ። አጣሁ ብሎ በመመለስ ፈንታ ሦስቱን አወጣና ከአራተኛው ቁራሽ ተወ። የሙኒያ ካልሲየም ወረደ፤ ወርዶም በዚያው ቀረ። ከንፈሯ ይደነዝዛል፣ ጣቶቿ ይጨመደዳሉ፣ የያዘችው ድስት ያመልጣታል። በቀን ሦስት ጊዜ ክኒን ትውጣለች፤ እስከ መቼ ብላ ስታስጠይቅ ዕድሜ ልክ ተባለች።

ከወራት በኋላ ዶክተሩ ወደ ውጭ ልኮት የነበረው የሙኒያ ደም ውጤት መጣ። የሚወረሰው ነበር። ዶክተር ሳዲቅ ረሺዳን አስጠርቶ ሲነግራት ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

"ባንድ እህት ደም መወሰን አልነበረብኝም። አንቺ ምን ታደርጊ፤ ከእህትማማች ግማሹ ይወርሳል፣ ግማሹ ያመልጣል። አንቺ አመለጥሽ።"

ይህን የመሰለ ደግ ሰው በሷ ጥፋት ራሱን ሲወቅስ ረሺዳ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ያም ሆኖ፣ ግማሹ ያመልጣል ያላትን አንጠልጥላ ወጣች። እውነተኛዋ ሉጥፊያም አምልጣ ቢሆንስ? ያኔ እኮ እሷ ራሷ ብትመረመርም መልሱ ያው ነበር። ይህን ካሰበች በኋላ እህል ይወርድላት ጀመር፤ በዚህም ደግሞ አፈረች።

በጥርጣሬ መኖር ሲያቅታት ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄዳ ከስልክ ቤት ሐይቅ ደወለች። ለሙኒያ ሕክምና ያስፈልጋል ብላ ሉጥፊያን ደሴ ሄዳ እንድትመረመር ለመነቻት። በሁለት ሳምንቱ መልሳ ስትደውል ሉጥፊያ ወረቀቱን አነበበችላት። ካልሲየሟ ከልኩ በላይ ነው ተብላለች። እኔ ግን ምንም አይሰማኝ፣ እንዲያውም ሦስተኛዬን አርግዣለሁ ብላ ሳቀች። ረሺዳ እንኳን ደስ አለሽ ማለቱንም ሳታስታውስ ስልኩን ዘጋች። የተጠለለችበት ግማሹ ያመልጣል የሚለው ቃል ፈረሰ፤ ሉጥፊያ አላመለጠችም።

ቤት ስትገባ የሙኒያ ቀኝ እጅ ተጨምድዶ አገኘችው። አጠገቧ ተቀምጣ እንደ ወትሮው ጣቶቿን ታሽ ጀመር።

"ሙኒያ፣ ያኔ ደም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሉጥፊያ አይደለሁም" አለቻት።

ሙኒያ ሳቀች። "ይህን ዛሬ ነው የደረስሽበት? አብሽሪ እህቴ። የናቴ ልጅ ያላደረገችልኝን አድርገሽልኛል፤ ለኔ ብለሽ ደምሽን ሰጥተሻል።"

ረሺዳ ይህን ስትሰማ ስድብ በተሻለኝ አለች በሆዷ። ከዚያ ያስቀረችባትን በሙሉ ተረጎመችላት። ሁለቱን ምክንያቶች ነገረቻት፣ እህት ለምን እንደተፈለገች ነገረቻት፣ የለንም ማለቷን ነገረቻት፣ ደሴ የወጣውን ውጤትም ነገረቻት። የሉጥፊያ ስም ሲነሳ ሙኒያ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካ አደረገችው።

"ዶክተሩ ይህን የነገረሽ" አለች በመጨረሻ፣ "ከመቆረጤ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ረሺዳ በኋላ ልትላት ትችል ነበር። ሙኒያም እንደዚያ እንድትላት ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቅ ነበር።

"በፊት ነው" አለች ረሺዳ።

ሙኒያ እጇን ከረሺዳ መዳፍ አወጣች። ጣቶቿ ገና አልተፈቱም ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በግራዋ ራሷ ታሸው ጀመር።