የዘርፈሽዋል ወንበር

ጭሮ ላይ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ አምስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች አሉ። የክፍሏ ባለቤት ሳህሊቱ የቤተሰብ የሥነ ልቦና ሐኪም ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ አባትና ልጅ ስታቀራርብ ኖራለች። ከተማው ግን «ባለወንበሯ» ይላታል።

ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። «ሕመሙ አንተ ውስጥ ወይም እሷ ውስጥ አይደለም፤ በመካከላችሁ ነው» ትልና መቀመጫ ታቀያይራለች። ባለሱቁ ናስር ሚስቱን ሹክሪያን ሊከስ መጥቶ፣ በእሷ ወንበር ተቀምጦ እንደ እሷ እንዲናገር ሲታዘዝ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ተቀመጠና «ናስር ቤት ሲገባ ሰላም የሚለው ስልኩን ነው» አለ። ከገዛ አፉ የወጣው ነገር ራሱን አስደነገጠው። ሹክሪያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ግን የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሳህሊቱ ነው። በደሳ ከተማ ካለችው ታላቅ እህቷ ከዘርፈሽዋል ጋር ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። እናታቸው ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ስትውል ያስታመመቻት ዘርፈሽዋል ነበረች፤ ሳህሊቱ በወር አንዴ ከጭሮ ብቅ ትላለች። አንድ ቀን ዘርፈሽዋል «ደከመኝ» ብላ ስታለቅስ፣ ሳህሊቱ፣ አይ የተማረ ሰው ነገር፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ይህ ስሜት የጀመረሽ መቼ ነው?» አለቻት። ደብተሩ በመስኮት ወጣ።

«እህት ስፈልግ ሐኪም ሆነሽ መጣሽብኝ!» አለች ዘርፈሽዋል። እናታቸው በወሩ አረፈች። ሳህሊቱ የደረሰችው ለቀብር ነበር።

በአንድ የታኅሣሥ ጧት፣ ጉም ከተማዋን ውጧት ባጃጆቹ በድምፅ ብቻ በሚታወቁበት ሰዓት፣ የዘርፈሽዋል ልጅ ገሊላ ወደዚያች ክፍል ወጣች።

«እንደምን አደሩ» አለች።

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ የምትይኝ?»

«ዛሬ ታካሚ ነኝ። ሠርጌ ለጥር ነው። እናቴ ‹እሷ ከመጣች እኔ ከጓዳ አልወጣም› ብላለች። እኔ ደግሞ ሁለታችሁ ሳትኖሩ አላገባም።»

«ዘመድ አላክምም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አያክሙኝ። በእናቴ ወንበር ይቀመጡና ለምን እንደተቀየመች ይንገሩኝ።»

ሳህሊቱ ተቀመጠች። «እኔ ዘርፈሽዋል…» ብላ ጀመረች። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ለአንድ ደብተር ዘጠኝ ዓመት? እህቷን እንደዚያ አታውቃትም፤ እንዲያውም ጨርሶ እንደማታውቃት የገባት ያን ጊዜ ነው። አፈረች። የዕለቱን ቀጠሮዎቿን ሰርዛ በደሳ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

መንገዱ በጉሙ ውስጥ ሲጠማዘዝ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። በሕልሟ ወንበሮቿ በእግራቸው መንገዱን ይዘዋል፤ ያከመቻቸው ሰዎች ሁሉ ተቀምጠውባቸው ቀስ እያሉ በመስኮቷ በኩል ያልፋሉ። ናስር በሹክሪያ ወንበር ሆኖ እጁን አውለበለበላት። ከሁሉም ኋላ አንድ ባዶ ወንበር ብቻውን ያዘግማል። «የማን ነህ?» ብላ ተጣራች። ወንበሩ ሚኒባሱን ይከተላል። ረዳቱ «በደሳ ወራጅ!» ሲል ነቃች። ከወረደች በኋላም ቢሆን ጥቂት መንገድ ዞር እያለች ኋላዋን ታይ ነበር።

ዘርፈሽዋል ግቢዋ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጣ፣ የተሰጣውን ቀይ ቡና በእጇ ታገላብጣለች። ቀና አለችና አየቻት።

«ደብተርሽስ?»

«ጭሮ ቀረ። እትዬ፣ ለምን እንደተቀየምሽኝ አላውቅም። ንገሪኝ።»

ዘርፈሽዋል ቡናውን ማገላበጧን ቀጠለች። ሳህሊቱ ሃያ ሁለት ዓመት የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ሁሉ አፏ ላይ መጥተው ነበር፤ ዋጠቻቸው።

«እማዬ መጨረሻ ላይ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር» አለች ዘርፈሽዋል። «‹ሳህሊቱ መጣች?› ትላለች። በቀን አሥር ጊዜ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። ያረፈች ቀን አንጀቴ አልችል አለ። እጇን ያዝኩና ‹አዎ እማዬ፣ ሳህሊቱ ነኝ፤ መጣሁ› አልኳት።»

ሳህሊቱ በቡናው አጠገብ አፈሩ ላይ ተንበረከከች።

«መረቀችሽ» አለች ዘርፈሽዋል። «ፊቴን በእጇ ዳብሳ፣ ሳህሊቱዬ እያለች፣ አንድ ሳታስቀር መረቀችሽ። ደስ ብሏት ሄደች። እኔን ሳትሰናበተኝ።»

ከውጭ ሰዎች እየተጫወቱ ሲያልፉ ይሰማል።

«ደክሞሽ ነበር» አለች ሳህሊቱ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «ደክሞሽ ነበር፣ እትዬ። በጣም ደክሞሽ ነበር።»

ዘርፈሽዋል ከተቀመጠችበት ግንድ ላይ ፈቀቅ አለችላት።