የትርፌ ወደብ

ይልማ ሲያወራ የጄኔቫ ሐይቅ ሞገዱን ገትቶ ያዳምጠዋል ይባላል። እንዲህ ያለው ራሱ ይልማ ነው፤ ቢሆንም ሰውየው አፉን ሲከፍት ያየ ሁሉ ለማስተባበል አቅም ያጣል። ሥራው ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር ባለው ትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ መድረክና መደርደሪያ መትከል ነው። ከመቶ ሠራተኞች አንዱ ነው። እሱ ሲያወራው ግን አዳራሹን ያቆመው እሱ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውንም ከጎኑ ያስጠጉት ለእሱ መመላለሻ እንዲቀለው ብለው ነው።

ሚስቱ ትርፌ ለወሬ የሚተርፍ ጉልበት የላትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ሰፈር ባለ ሆቴል አልጋ አንጥፋለች። ያነጠፈችው አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከጄኔቫ ተነሥቶ አዲስ አበባን ሁለቴ ዞሮ ይመለሳል። ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከምታጸዳቸው ክፍሎች በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አለ፤ ሃንያ የምትባል የቀርጤስ ደሴት የጥንት ወደብ፣ ከባሕሩ አፍ ላይ የቆመ የመብራት ማማ። ቀርጤስን በስም የምታውቃት ከቤተ ክርስቲያን ንባብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የማማውን አቧራ ስትጠርግ ኖራ፣ አንድ ጊዜ እግሩ ሥር መቀመጥ ፈለገች። በቃ።

ይልማ በየዓመቱ "ዘንድሮ እወስድሻለሁ" ሲል ከርሞ ዘንድሮ ቲኬቱ በእውነት ተቆረጠ። ወሬውን ያልሰማ ሐበሻ በጄኔቫ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ትርፌ ግን ከፋሲካ ጀምሮ አንድ ነገር ስትነዘንዘው ነበር።

"ፓስፖርትህን አሳድስ ይልማ።"

"እኔን? እነዚያ የቆንስላ ልጆች እኔን ሲያዩ እኮ ከወንበራቸው ብድግ ነው የሚሉት! አንድ ስልክ ብደውል ቤቴ ድረስ ያመጡልኛል።"

እሷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ በዚያ ጉልበቷ ተሰልፋ የራሷን አሳደሰች። እሱ ስልኩን አልደወለም።

አውሮፕላኑ የሚነሣው ከዙሪክ ስለነበር፣ በዋዜማው እዚያው ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ በሚባል ጎዳና አራተኛ ፎቅ የሚኖረው መሐመድአወል ቤት አደሩ። መሐመድአወል የወሎ ልጅ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ያበስላል፤ ከይልማ ጋር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተዋል። ስለዚህ ወሬውን በግማሽ ጆሮ የመስማት ጥበብ አለው። ይልማ እራት ላይ ገና ያላየውን ወደብ በድንጋይ በድንጋይ ሲተርክ፣ ትርፌ ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ የይልማን ፓስፖርት ገለጠች። መልሳ ገለጠች። ከዚያ ቀኑን በጣቷ አሳየችው። ካለቀ ሦስት ወሩ ነው።

ይልማ ፐርሚውን፣ የስዊስ መኖሪያ ፈቃዱን፣ ዘረጋ። አይሆንም ተባለ። በፈረንሳይኛ ሞከረ፣ በእንግሊዝኛ ሞከረ። በመጨረሻ ደረቱን ነፍቶ፣ በአገሩ አቆጣጠር ገና ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ስለሆነ ፓስፖርቱ ሊያልቅ ሰባት ዓመት ከምናምን እንደሚቀረው ማስረዳት ጀመረ። እንዲህ ያለ ክርክር ዙሪክ ከተቆረቆረች ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም። ልጅቷ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠብቃ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ።

"ግዴለም ትርፍዬ" አለ ይልማ፣ ሻንጣዎቹን እየሳበ። "እንመለስ። ለከርሞ በተሻለ—"

ትርፌ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። እጇን ዘርግታ የራሷን ሻንጣ ከጋሪው ላይ አወረደች።

"አንተ ተመለስ" አለች።

"ብቻሽን?"

"ደክሞኛል ይልማ። ድካሜ ደግሞ ለከርሞ አይቆይልኝም።"

ፓስፖርቷን ለልጅቷ ሰጠች። እየተንቋቋች ወደ ፍተሻው ሄደች፤ አንድ ጊዜም ዞር አላለች።

ይልማ ጄኔቫ እንዴት ይመለስ? ደረጄን የመሰሉ ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ቅዳሴ ላይ አጠገቡ የሚቆሙት ሁሉ አሁን ባሕር ዳር እንዳለ ነው የሚያውቁት። ሻንጣውን እየጎተተ አራቱን ፎቅ መልሶ ወጣ።

"ረስተህ የሄድከው ነገር አለ?" አለ መሐመድአወል በሩን ከፍቶ።

"ሳምንት እደበቃለሁ።"

"ከማን? ከፖሊስ?"

"ከሐበሻ።"

ላንግሽትራሰ ላይ ከሐበሻ መደበቅ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ላለመርጠብ እንደመሞከር ነው። ይልማ ሰባት ቀን ከዚያ ቤት አልወጣም። ትራሙ በሥሩ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ልብስ ማስጫ ብቻ ነው። እድሜ ልኩን በወሬ የሸሸው ድካም ሁሉ ሶፋው ላይ አግኝቶት ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሲተኛ ደከመው፤ ሲነሣ ደከመው።

"ሚስትህ ሄዳ አንተ ደከምክ" አለው መሐመድአወል ሽንኩርት እየከተፈ።

ትርፌ ስልኩ ላይ መልእክት በድምፅ ትልክ ነበር፤ አጭር አጭር። በመጀመሪያው ቀን "አሥራ አራት ሰዓት ተኛሁ" ብቻ አለች። በሁለተኛው ቀን አልጋዋን ራሷ አንጥፋ፣ ክፍሉን የምታጸዳው ሴትዮ ገብታ በሳቅ እንደሞተች ነገረችው። "አንሶላውን ሳብ አድርጋ፣ 'አንቺም?' አለችኝ በእጇ። 'አዎ፣ እኔም' አልኳት። ቡና አምጥታልኝ አብረን ተቀመጥን።" በሦስተኛው ቀን ከወደቡ ዳር ስላለው ባለ ጉልላት የጥንት መስጊድ ነገረችው።

"ይሰገድበታል?" አለ መሐመድአወል ቢላውን አቁሞ።

"የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሆኗል አለች።"

"እንግዲያው ሂድና መደርደሪያ ትከልላቸው" ብሎ መክተፉን ቀጠለ።

በአራተኛው ቀን መልእክቷ ረዘም አለ። ነፋሱ ድምፅዋን ይቆራርጠው ነበር። የቬኒስ ሰዎች ጥንት መርከብ ይሠሩባቸው የነበሩትን ትልልቅ ቅስት አዳራሾች አልፋ፣ ባሕሩን አቅፎ በያዘው የድንጋይ ግንብ ላይ እስከ መጨረሻው ሄደች። ሦስት ጊዜ አርፋለች። "እግሩ ሥር ደረስኩ ይልማ። ግድግዳው ላይ ካለው ይልቅ ቢጫ ነው። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ድመቶች መጥተው ከበቡኝ።" ፎቶም ልካለች፤ እብጥ ያሉ ሁለት እግሮች፣ ድንጋይ፣ ስድስት ድመቶች።

ይልማ ስድስቱን ቆጠራቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ ማብዛት ጀመረ። ማታ ላይ ለመሐመድአወል ሲተርክ ማማውን ሁለት እጥፍ አስረዝሞት፣ እሱም ትርፌን ደግፎ ግንቡ ላይ አስኪዷት ነበር። አምሮበታል። በማግስቱ ሲደውልላት ደስታውን መያዝ አልቻለም።

"ስሚማ! ለነደረጄ የምናወራውን አዘጋጅቻለሁ። ግንቡ ላይ ጉልበትሽ እምቢ ሲል እኔ ተሸክሜሽ—"

ከወዲያ የባሕሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"ትርፍዬ?"

"ይልማ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ አወራህ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። የተጋባንበትን ቀን እንኳ አሁን የማስታውሰው አንተ እንደምታወራው ነው፤ እኔ ያየሁት ጠፍቶብኛል። ይቺን ብቻ አትውሰድብኝ።"

"ለሰው ምን እላለሁ ታዲያ?"

"ያንተ ጉዳይ ነው። ከወሰድክብኝ ግን አውቀዋለሁ፤ ከእንግዲህ ያየሁትን አልነግርህም። ምንም።"

ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተቀብሏት ወደ ጄኔቫ ባቡር ያዙ። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፤ እግሯ እንደ ድሮው ነው። ሊጠይቃት የፈለገው ነገር ብዙ ነበር፤ ቢሆንም በርን ከተማ ሳይደርሱ ትከሻው ላይ ተኛች። ቀሪውን መንገድ ሁሉ ክንዱ ደንዝዞ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። በመስኮቱ ላሞች ያልፋሉ። ሳያበዛ ቆጠራቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ከላይ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ወርቅዬ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ ወረዱ፤ አዳራሹ ውስጥ ከይልማ ጋር የሚሠራው ደረጄም ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሻይ ተቀዳ። ትርፌ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።

"እሺ ጌታው!" አለ ደረጄ ወንበሩን እየሳበ። "ባሕሩን ጠጥተኸው መጣህ ወይስ ለሌላ ሰው የሚሆን ተረፈ?"

"እስቲ ንገረን ልጄ" አሉ እትዬ ወርቅዬ። "ያ ማማ እንዳልከን ሰማይ ይነካል?"

ሁሉም ወደ ይልማ ዞሩ። ማማው፣ ግንቡ፣ ነፋሱ፣ ሚስቱን የተሸከመበት ጀርባው፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ይገፋፋሉ። ትርፌ አላየችውም። ማሰሪያውን በጣቷ ይዛ፣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

"እኔ አልሄድኩም" አለ ይልማ።

"ምን?"

"ፓስፖርቴ አልቆ ከዙሪክ ተመለስኩ። ሳምንቱን መሐመድአወል ሶፋ ላይ ነው ያሳለፍኩት። የሄደችው እሷ ናት። እሷን ጠይቁ።"

ደረጄ ሳቀ። ከዚያ የይልማን ፊት አይቶ ሳቁን ተወ። እትዬ ወርቅዬ "ብቻሽን? አንቺ ልጅ!" ብለው ደረታቸውን ያዙ።

ትርፌ ጫማዋን አወለቀች። እግሮቿን ባዶው ወንበር ላይ ሰቀለች። ትንሽ አሰበች።

"ግንቡ ረጅም ነው" ብላ ጀመረች ቀስ ብላ። "ይሄን ያህል እንዳይመስላችሁ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ሳላርፍ ነው የጨረስኩት።"

ይልማ ሦስት ጊዜ ማረፏን ያውቃል። አፉ ሊከፈት ሲል በሻይ ደፈነው።

"ማማው ሥር ስቀመጥ ድመቶቹ መጡ። ሠላሳ፣ አርባ ይሆናሉ። ከበቡኝ።"

"አርባ ድመት!" አለ ደረጄ። "እውነት ነው ይልማ?"

"እኔ አልነበርኩም ወንድሜ" አለ ይልማ።

ትርፌ ቀና ብላ አየችው። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

"እስቲ ውኃ አምጣልኝ ይልማ" አለች። "ጉሮሮዬ ደረቀ።"

ተነሣ። ወገቡ ተንቋቋ። ቧንቧውን ከፍቶ ብርጭቆው እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ ከሳሎን የሚስቱ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማው ነበር። ድመቶቹ ስድሳ ደርሰዋል።