የሁለተኛው አልጋ ልብ ምት

ትዕዛዝና ኤርካሎ ሶዶ ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው የአራስ ሕፃናት የልብ ምት መከታተያ መሣሪያ ይሠራሉ። ኤርካሎ ዕቃውን ይገጣጥማል፣ ትዕዛዝ ፕሮግራሙን ትጽፋለች። የመጀመሪያው መሣሪያ የተተከለው ገሱባ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ነው፤ የአራት አልጋ ሕፃናትን የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት በአንድ ስክሪን ያሳያል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዚያ ክሊኒክ ነርሷ ሲስተር ፈጠነች ለትዕዛዝ ደወሉ። የደወሉት ለስሞታ አልነበረም። የሁለተኛውና የአራተኛው አልጋ ሕፃናት ልብ እኩል እየወጣ እኩል ይወርዳል፣ መንታ እንኳ እንዲህ አይገጥምም ብለው እየሳቁ ነገሯት።

ትዕዛዝ ምክንያቱ ወዲያው ታያት። ባለፈው ሳምንት ስክሪኑ ባለበት እየቆመ ሲያስቸግር ፕሮግራሙን ነካክታው ነበር። እያንዳንዱ ሕፃን ሜሞሪ ላይ የራሱ መዝገብ አለው። ስክሪኑ አንዱን መዝገብ ሲፈልግ ሌላ እንዳይነካው ይቆልፈዋል፤ ተቆልፎ ሳለም «እየተጠቀምኩበት ነው» ብሎ ያስመዘግባል፤ ቁልፉን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ የተያዘ መዝገብ ተጠቃሚው እስኪጨርስ አይጠፋም። እሷ ግን ለማፍጠን ብላ ቁልፉ ቀድሞ እንዲለቀቅ፣ ምዝገባው ከዚያ እንዲከተል አደረገች። በመካከል በምትቀረው ቅጽበት አንድ ሕፃን ከክሊኒኩ ቢወጣ መዝገቡ ይሰረዛል፣ ሜሞሪው ላይ የነበረው ቦታ ቀጥሎ ለሚገባ ሕፃን ይሰጣል፤ ስክሪኑ ግን ምንም ሳያውቅ ያንኑ ቦታ ያነባል።

«ዛሬ ከሁለተኛው አልጋ የወጣ ልጅ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ጠዋት ወጥቷል። ወዲያው አራተኛው ላይ አዲስ ልጅ አስገባን። አሁን ሁለተኛውም ላይ ሌላ ተኝቶበታል።»

«ሲስተር፣ ስክሪኑን አይመኑት። የአራተኛውን ልጅ ልብ ነው የሚያሳይዎት። ሁለተኛውን በጆሮዎ ያዳምጡት፣ አሁኑኑ።»

መልስ ሳትሰማ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግማ ብትደውልም ስልኩ አልሠራም። ኤርካሎ መጀመሪያ እዚሁ እናረጋግጥ፣ ባልተጣራ ነገር ስማችንን እናጠፋለን አላት። እሷ ግን ላፕቶፗን ይዛ የገሱባ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ላፕቶፑን በክንዷ እየደገፈች፣ ቁልፉ በሚለቀቅበትና ምዝገባው በሚደረግበት መካከል ሆን ብላ መዘግየት ጨምራ ሞከረችው። በሦስተኛው ሙከራ በአንዱ አልጋ ቁጥር ሥር የሌላው አልጋ ልብ ምት ወጣ። ከዚያ በኋላ የምትሠራው ነገር አልነበራትም። በየደቂቃው ስልኳን ታያለች፤ ኔትወርክ የለም። ሕፃኑ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አለመጠየቋ ትዝ አላት።

ስትደርስ ሲስተር ፈጠነች ሁለተኛው አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው እያዳመጡ ነበር። ስልኩ እንደተቋረጠ ሮጠው ሲያዳምጡት የሕፃኑ ልብ በደቂቃ ሰባ አይሞላም፤ ስክሪኑ መቶ አርባ ይላል። አምቡ በሚሉት በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር እየሰጡ ምቱን መለሱለት። አሁን በራሱ ይተነፍሳል። ትዕዛዝ ቀጥ ብላ ሄዳ መሣሪያውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

የሕፃኑ አባት ባዳቾ በር ላይ ቆሞ ያያታል። የኦፋ ወረዳ ገበሬ ነው። ምን እንደተፈጠረ በወላይትኛ ጠየቃት፤ እሷም በወላይትኛ መለሰችለት።

«ማሽኑ የሌላ ልጅ ልብ ነበር ያሳየው። ስህተቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ባዳቾ ወደ ጠፋው ስክሪን ተመለከተ።

«ከጠዋት ጀምሮ ያንን ስክሪን እያየሁ ደህና ነው እል ነበር» አላት። ከዚያ ወደ ልጁ ገባ።

ሕፃኑ ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ። ትዕዛዝ ምዝገባው እንደ ድሮው ቁልፉ ከመለቀቁ በፊት እንዲሆን አደረገች፤ የጥፋቱንም ሪፖርት በስሟ ጽፋ ለክሊኒኩ ሰጠች። ክሊኒኩ ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ሳያየው መሣሪያውን አልሰካም አለ። ኤርካሎ መስመር በመስመር ሊያነበው ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ወንበሩን ወደ እሷ አዞረና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። የሕፃናቱን ሙቀት የሚያነበው የፕሮግራሙ ክፍልም ቁልፉን የሚለቀው ከምዝገባው ቀድሞ ነበር። ያንን እሷ መቼ እንደጻፈችው አታስታውስም።