የደረቀም ቢሆን

አቶ ቶለሳ በዕድሜያቸው ከተናገሩት ቃል ሁሉ መልሰው ቢውጡት የሚመርጡት ቢኖር፣ በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ የተናገሩት ነው። «የደረቀም ቢሆን» ነበር ያሉት። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ሐሳብ ነበር። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ያለችው አጥቢያቸው ትንሽ ናት። ደኗ ግን ትንሽ አልነበረም። አገሩን ሁሉ ባሕር ዛፍ ወርሶት ሲያበቃ ጥድና ወይራ፣ ኮሶም ጭምር፣ የቀረው በእሷ ቅጥር ዙሪያ ብቻ ነበር። እሱም እየሳሳ ሄደ። ደኑ በሳሳ ቁጥር የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ከታች ባሉት የጭቃ ቤቶች ይገባ ጀመር፤ ጠበሉም ቀጠነ። የአጥቢያዋ አስተዳዳሪ መምሬ ይርጋለም ከቅዳሴ በኋላ ደጋግመው ይመክራሉ። «እግዚአብሔር አዳምን ገነት ያስገባው እንዲጠብቃት ነው እንጂ እንዲመነጥራት አይደለም» ይላሉ። ምእመኑም «እውነት ነው» ይላል። ሰኞ ጠዋት መጥረቢያው ይሰማል።

ስለዚህ ግዝት ይውጣ ተባለ። ቄሱ መስቀል ይዘው በታቦቱ ስም ከገዘቱ፣ ግዝቱን የጣሰ ሰው እስኪፈታ ድረስ ከቁርባንም ከበረከትም የተለየ ነው። ዘበኛ ያልመለሰውን ሌባ ግዝት ይመልሰዋል።

መምሬ የፈለጉት እርጥቡ ዛፍ እንዳይነካ ብቻ ነበር። የወደቀና የደረቀ እንጨት ከጥንትም የድሀ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልቴቶች እየገቡ ይለቅሙታል። አቶ ቶለሳ ግን አናጢ ናቸው፤ ጡረታ ቢወጡም የቤተ ክርስቲያኗን ጣሪያ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በእንጨት ጉዳይ ሰው እንዲያርማቸው አይወዱም።

«መምሬ፣ እኔ እንጨት አውቃለሁ» አሉ። «ደረቁ ተፈቀደ ካልናቸው እርጥቡን ያደርቁታል። ግንዱን ዙሪያውን ልጠውት ይሄዳሉ፣ በዓመቱ ደርቆ ይጠብቃቸዋል። የደረቀም ቢሆን ይባል።»

ውሸት አልነበረም። ሁለት ጥድ እንደዚያ ተልጦ በዓይናቸው አይተዋል። ሁለት ብቻ።

«ገበያነሽንና መሰሎቿንስ ምን እናድርጋቸው?» አሉ መምሬ።

«እንጦጦ ሙሉ ባሕር ዛፍ አለ አይደል እንዴ?»

ጉባኤው ሳቀ። መምሬ አልሳቁም፤ ግን ተሸነፉ።

ገበያነሽ ባሏ የሞተባት፣ ከቤተ ክርስቲያኗ በታች በአንዲት ክፍል ቤት የምትኖር፣ እንጨት ለቅማ ሽሮ ሜዳ እየሸጠች የምታድር ሴት ናት። ግዝቱ በተነገረ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ሥር ቆማ ሰማችው። «ከዚህ ደን እርጥብ የቆረጠ፣ የደረቀም ቢሆን ያነሳ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን» ሲባል ከሁሉም ጋር አሜን አለች። ከማግስቱ ጀምሮም ገና ሳይነጋ ተነስታ ከእንጦጦ ማርያም ባሻገር ባለው የመንግሥት ደን፣ ከዘበኞቹ እየተደበቀች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ትሸከም ጀመር። ስትመለስ መንገዷ በደኑ አጠገብ ነው። ደረቅ ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ወድቆ ብታገኝ እንኳ ከነሸክሟ ዞራ ታልፈዋለች። አቶ ቶለሳ ይህን በዓይናቸው አይተው ግዝቱ ሠራ ብለው ደስ አላቸው። ዛሬ ያን ደስታ ሲያስቡት ፊታቸው ይቀላል።

በ1976 ነሐሴ አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ነውና ከተማው በቅስትና በሰንደቅ ዓላማ ይሸለም ጀመር። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ለታ የሚባል ወጣት፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ አቶ ቶለሳ ቤት መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ አጎንብሶ ነው ሰላም ያላቸው።

«አባባ፣ ለቅስቱ ምሰሶ ያስፈልገናል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጥድ ይሁን ብለዋል ከላይ። እርስዎ አናጢ ነዎት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ቀጥ ቀጥ ያለውን ያሳዩን።»

«ግዝት አለበት፣ መምሬን ጠይቁ» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ቢሉስ ምን ይመጣ ነበር? ምናልባት ብዙ፣ ምናልባትም ምንም። ያን ዘመን ያየ ሰው በፍርሃታቸው አይፈርድባቸውም። እሳቸው በራሳቸው የሚፈርዱበት ነገር ሌላ ነው፤ ሲመርጡ ደስ ብሏቸው ነበር። ስንት ዓመት ስለ እንጨት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግንዱን ወደ ላይ እያዩ፣ «ይሄ፣ ይሄም፣ ያኛው ጎባጣ ነው ተወው» እያሉ፣ በመረጡት ጥድ ግርጌ በመጥረቢያ ምልክት አኖሩ። በቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ በየወራጁ ላይ ያለችው የራሳቸው ምልክት ናት፤ ሁለት ሰያፍና አንድ ቀጥ ያለ ጭረት። አሥራ ስምንት ጥድ በሁለት ቀን ወደቀ። ከበዓሉ በኋላ ምሰሶዎቹ ተፈልጠው ለቀበሌው ክበብ ወጥ ቤት ማገዶ ሆኑ።

በሚቀጥለው እሑድ መምሬ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። «ዛፎቹን ማን እንደወሰደ ሁላችንም እናውቃለን» አሉ ዝግ ብለው። «ደኑን መርቶ ያሳየ ሰው ግን ከእኛው ውስጥ ነው። ይምጣ፣ ይናዘዝ፤ ይፈታል።»

አቶ ቶለሳ ከፊት ነበር የቆሙት። ጣሪያውን አዩ፣ ወራጁን ቆጠሩ፣ ዝም አሉ።

ገበያነሽ የወደቀችው በዚያው ሳምንት ነው። የደን ዘበኞቹ ፊሽካ ሲነፉ ከነሸክሟ ሮጠች፣ ጭቃው አዳለጣት፣ ዳሌዋ ተሰበረ። ጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኝታ፣ ኅዳር ላይ በምርኩዝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሸክም ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለምም ቀረ፤ ዳገቱ አይቻላትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ግዝቱ ምሰሶ የጫነውን መኪና ማስቆም አልቻለም፤ ጭራሮ የምትለቅመዋን ግን ገደል ሰደዳት።

አቶ ቶለሳ ለመምሬ ሊናገሩ በየእሑዱ ይነሱና ለሚቀጥለው ያሳድሩታል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባቸው። ዛሬ ነገ ሲሉ መምሬ ይርጋለም ታኅሣሥ ላይ ታመው በሦስተኛው ቀን አረፉ።

አዲስ ቄስ መጡ። አቶ ቶለሳም ጠጋ ብለው፣ የደረቀው እንጨት ለድሆች ቢፈታ መልካም ነው ብለው መከሩ። ስለ አሥራ ስምንቱ ጥድ ትንፍሽ አላሉም። ቄሱም ጥር ላይ አንድ እሑድ ፈቱት። በማግስቱ አቶ ቶለሳ ደኑ ገብተው ደረቅ ቅርንጫፍ ሰበሰቡ፣ በገመድ አሰሩ፣ በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው ወረዱ። መንገደኛው ቆሞ አያቸው። ሸክሙ ትከሻቸውን ሲበላቸው ቀለል አላቸው።

ገበያነሽ ከምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የምታነደው የካርቶን ቁራጭና ትንሽ ቅጠል ነው፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል እንጂ አልሞቀም።

«ጋሽ ቶለሳ? በጀርባዎ? ምነው ምን ሆኑ?»

«አትነሺ፣ አትነሺ። እንጨት ይዤልሽ መጥቼ ነው።»

እጇን ዘርግታ ቅርንጫፉን ዳበሰችውና አሸተተችው። «ጥድ ነው። ከየት ነው?»

«ከደኑ። ደረቅ ነው። ደረቁ ተፈትቷል፤ ትናንት አዲሱ ቄስ ፈቱት።»

እጇን ሰበሰበች። «ሲገዘት ከመምሬ አፍ በጆሮዬ ሰምቼ አሜን ብያለሁ። አዲሱን ቄስ ማቃለሌ አይደለም፤ ግን እሳት ላይ ላኑረው ብል እጄ እሺ አይለኝም። ከደጅ ይሁንልኝ።»

አቶ ቶለሳ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። «የደረቀም ቢሆን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ገበያነሽ። መምሬ አልፈለጉም ነበር።»

«አውቃለሁ። ሆስፒታል ሊጠይቁኝ መጥተው ነገሩኝ። አለቀሱ እኮ።» የካርቶኑን ቁራጭ ወደ እሳቱ ገፋ አደረገች። «ዛፎቹንም የመረጡላቸው እርስዎ እንደሆኑ ነግረውኛል። ጉቶው ላይ ያለችው ምልክት ጣሪያችን ላይ ያለችው ናት አሉኝ። ‹እስኪመጣ እየጠበቅሁት ነው፤ እኔ ልሂድበት ብል አሳፍረዋለሁ፤ አንቺም ጸልዪለት› አሉኝ።»

አቶ ቶለሳ ዓይናቸውን ወደ እንጨቱ መለሱ።

«መምሬ ዘንድ ሄዱ ወይ?» አለች። ተስፋ ያደረገች ነበር የምትመስለው።

«አልሄድኩም።»

ገበያነሽ ምርኩዟን ይዛ ቀስ ብላ ዞረችና ፊታቸውን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻላቸው ነበር።

«እና እርስዎን ማን ፈታዎት?»

አቶ ቶለሳ ተነሱ፣ ገመዱን አጠበቁ፣ እንጨቱን መልሰው ተሸከሙ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አረፉ። ደኑ ሲደርሱ ሸክሙን ካነሱበት ቦታ አወረዱት፤ ከዚያም የራሳቸው ምልክት ያለበት ጉቶ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከታች ከገበያነሽ ቤት የካርቶን ጭስ ይወጣ ነበር።