ፋሻው ሲፈታ

ብርቱካን ለአራተኛ ጊዜ ብድግ ስትል ወይዘሮ እቴነሽ የነጠላዋን ጫፍ ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«አንቺ ልጅ፣ ሐዘንተኛ ለመጣ ሁሉ አይነሣም። እነሱ ገብተው ይቀመጣሉ፣ አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ታለቅሻለሽ። በቃ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እቴቴ።»

እውነቷን ነው። በዶክተር ጥላዬ የዓይን ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው በገባ ቁጥር ስትነሣ ኖራለች፤ ጉልበቷ አሁን ከእሷ ጋር ሳይማከር ነው የሚነሣው። የሟቹ ዶክተር ታላቅ እህት ወይዘሮ እቴነሽ ደግሞ የለቅሶን ሥርዓት እንደ ዳዊት በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ብርቱካን ዘመድ አለመሆኗንም አልዘነጉም። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን «ከጎኔ ትቀመጥ» ስላሉ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከቤተሰቡ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች።

ቀኑ ሰልስት ነው። ማታ እድሩ ድንኳኑን ያነሣል። የደብረ ታቦር ብርድ በሸራው ሥር እየሾለከ ይገባል፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል፣ ሰውም እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ዶክተር ፋሲል ከወንዶቹ አግዳሚ ተነሥቶ መጣና ብርቱካን አጠገብ ቁጢጥ አለ። በክሊኒኩ ሁለተኛው ሐኪም እሱ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን የተቆለፈ ወጣት።

«ነገ ጠዋት ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አላት በሹክሹክታ። «እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።»

«ክሊኒኩስ?»

«ክሊኒኩማ እሳቸው ነበሩ። እኔ የዓይን ሞራ ማንሣት እችላለሁ፤ ሰው መያዝ አልችልም። የእሳቸውን ፊት ከየት አመጣለሁ?»

ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብርቱካን ከቀብሩ ቀን ይልቅ አሁን አለቀሰች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ትናንት ቁርጡን ነግረዋታል፦ ፋሲል ካለ ሰኞ በሩ ይከፈታል፤ ፋሲል ከሌለ ግን ሐኪም የሌለው ክሊኒክ ምን ያደርጋል፣ ቤቱ ይዘጋል። ሥራ ሌላም ቦታ አይጠፋም። ዶክተሩ ሠራተኞቻቸውን ያስለመዱት ያ የበሽተኛ አያያዝ ግን ሌላ ቦታ የለም፤ ዛሬ ከድንኳኑ ጋር ተጠቅልሎ ሊሄድ ነው።

«ፊት» አለ ፋሲል። እሷስ ያኔ ምን ፊት ነበራት?

የተቀጠረች ሰሞን ካርድ የምታወጣው ዳኛ ፍርድ እንደሚያነብ ነበር። «ስም። ቀበሌ። ቀጥሎ።» ዶክተር ጥላዬ በአጠገቧ ሲያልፉ «ከፍትፍቱ ፊቱ፣ ብርቱካን» ብለው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይቆጧትም። ክሊኒኩ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበረው፦ ማንም በሽተኛ በር ድረስ ሳይሸኝ አይሄድም፤ የሸኘውም ሰው በሩ ላይ «ያልነገሩን ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ብርቱካን ይህን እንደ ትርፍ ወግ ነበር የምታየው።

አንድ ቅዳሜ፣ ሥራ ሊያበቃ ሲል፣ አያ ይሻው የሚባሉ የጉና ገበሬ ዓይናቸው እያለቀሰ አስቸገራቸውና መጡ። ጠብታ ታዘዘላቸው። ብርቱካን መድኃኒቱን ከወንበሯ ሳትነሣ ሰጠቻቸውና «ጨርሰዋል፣ ይሂዱ» አለቻቸው። ዶክተሩ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጡ ጠየቋት።

«አያ ይሻውስ?»

«ሄዱ።»

«በር ላይ ምን አሉ?»

 ዶክተሩ ጋውናቸውን አወለቁ። አልጮኹም። «እንግዲህ ሄደን እንሸኛቸዋ» አሉና ክሊኒኩን ቆልፈው ነርሷን ሩትን፣ ጥበቃውን ጋሽ ባዩን፣ ፋሲልንና ብርቱካንን አስከትለው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ሽማግሌውን እየጠየቁ ሲያልፉ የገበያ ሰው «ሽማግሌው የሐኪም ቤት ዕቃ ይዘው ጠፉ እንዴ?» እያለ ሳቀባቸው። ብርቱካን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አያ ይሻውን ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ የሚሄድ መኪና ውስጥ አገኟቸው። ዶክተሩ እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው። «አባቴ፣ ሳንሸኝዎ ሄዱብን። ያልነገሩን ነገር አለ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «የኔስ ቀላል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሚስቴ ካየችኝ አራት ዓመት ሆናት።»

ዶክተር ጥላዬ በመመለሻው መንገድ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ገበሬ ዋናውን ሕመሙን የሚናገረው ሊሄድ ሲል ነው፣ ብርቱካን። በሩ ላይ ካልቆምን አንሰማውም።» ተግሣጽ ብትጠብቅ የመጣላት ይኸው ነበር። ያን ቀን በሆዷ የያዘችው ፍቅር እስከ ዛሬም አልቀነሰም።

በአሥራ አምስት ቀኑ አያ ይሻው ሚስታቸውን ጌጤን ከቤት እስከ አስፋልቱ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና አመጧቸው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተነሣ፤ ግራው በሌላ ቀጠሮ እንዲነሣ ተባለ። በማግሥቱ ፋሲል ፋሻውን ሊፈታ ሲል ዶክተሩ ብርቱካንን ከካርድ ክፍል ጠርተው ከአሮጊቷ ፊት ለፊት አቆሟት።

«እኔ? እኔ ምን አደረግሁ?»

«ከአራት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የሚያዩት ፊት ያንቺ ይሁን። አደራ።»

ፋሻው ተፈታ። አሮጊቷ ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ አዩዋት። «የማን ልጅ ናት፣ እንዲህ የምታምር?» አሉ። ብርቱካን በሕይወቷ ማንም እንዲያ ብሏት አያውቅም። እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «ቀጥሎ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ።

ይህም ልማድ ሆነ። ፋሻ በተፈታ ቁጥር ከሠራተኞቹ አንዱ ተራ ይዞ ይቆማል፤ ጋሽ ባዩ እንኳ በተራቸው ቀን ጢማቸውን ተላጭተው ነበር የሚመጡት። ፋሲል ብቻ «እኔ ልፍታ፣ ሌላ ሰው ይቁም» ይል ነበር። «ቀን ይመጣልሃል» ይሉታል ዶክተሩ።

አሁን ከድንኳኑ በር ላይ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ገቡ። ጥቁር ከለበሰው ሰው ሁሉ መካከል ዓይናቸው ቀጥታ ብርቱካን ላይ አረፈ። ወይዘሮ እቴነሽ ነጠላዋን ሳይዙባት ብርቱካን ተነሥታ ቆማ ነበር።

«እማማ ጌጤ።»

«ልጄ። ሞቱን ትናንት ሰምቼ ተጉና መጣሁ። አያ ይሻው ጉልበቱ ይዞት ቀረ። ብቻዬን መጣሁ፤ መንገዱን አይቼ።» ከዚያ እንባቸው ቀደማቸው።

ተቀመጡ፣ ንፍሮ ዘገኑ፣ የዶክተሩን ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ረዥም ጊዜ አዩት። ብርቱካን ግራው ዓይን ፎቶግራፉን እንደማያይ ልብ አለች። ጥቂት ቆይተው «ነፍስ ይማር» ብለው ሲነሡ አብራቸው ተነሣች።

«ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ። «ነውር ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እቴቴ። እሳቸው ሰው ሳይሸኝ ሲሄድ አይወዱም።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ተያት። ትሸኝ።»

ሩት ከወጥ ቤት ወጣች። ጋሽ ባዩ ጋቢያቸውን አጣፉ። የግቢው በር ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ብርቱካን የአሮጊቷን ክንድ እንደያዘች ጠየቀቻቸው።

«ያልነገሩን ነገር አለ?»

እማማ ጌጤ አፈሩ። «እንደው ሐዘን ቤት ምኑ ይወራል ብዬ ነው እንጂ። ያኔ በቀጠሮው ሳልመጣ ቀረሁ፤ ይኼ ግራው እንደጨለመ ነው።»

«እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉ፣ እናቴ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው። ፋሲል ነበር። መቼ እንደተከተላቸው ማንም አላየም። አገጫቸውን በሁለት ጣቱ ወደ ፀሐይ መልሶ አየና «ሞራ ነው። ይነሣል» አለ።

«መቼ?» አሉ አሮጊቷ።

ብርቱካን ወደ እሱ ለማየት ፈራች። ከድንኳኑ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። ፋሲል ወደዚያ ዞሮ አየ።

«ሰኞ» አለ። «ሰኞ ጠዋት ይምጡ። አለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ። ያኔ ፋሻው ሲፈታ ይችን ልጅ ነበር ያየሁ። አሁንስ ማንን ነው የማይ?»

ብርቱካን ወደ ፋሲል በአገጯ አመለከተቻቸው። እማማ ጌጤ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ፋሲል ሦስት ቀን ሙሉ ደርቆ የሰነበተውን፣ አሁን ግን በእንባ የረጠበውን ፊቱን በሁለት መዳፉ ጠረገ፤ ከዚያም በደንብ እንዲያዩት ጎንበስ አለላቸው።