በሰፌድ ላይ የተዘረጋችው አልጀሪያ

አጎቴ ሐጂ ኑርዬ መካ ደርሰው የተመለሱ፣ ካርታ ግን ገልጠው የማያውቁ ነጋዴ ነበሩ። መምህር ውበቱ ደግሞ የዓለምን ካርታ በቃላቸው የሚወጡ፣ ከደሴ ወዲያ ግን እግራቸው ያልረገጠ የጂኦግራፊ አስተማሪ። ሁለቱን በአንድ መደብ ላይ ያስቀመጣቸው የእኔ የሂንድ ጉዳይ ነው።

በ1974 ዓ.ም. አልጀሪያ ሄጄ ሕክምና እንድማር የነፃ ትምህርት ዕድል ደረሰኝ። በቀዬአችን ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመደ ያሳደገኝ አባቴ አሊ፣ ሴት ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው ብሎ፣ የአገሪቱን መሬት፣ ዘርና ጠባይ ሳያጣራ እንደማይለቀኝ አስታወቀ። እስከ ዓርብ ካልፈረመ ዕድሉ ለሌላ ይተላለፋል። ስለዚህ መምህሬ የአልጀሪያ ሽማግሌ ሆነው መጡ፤ እንደ ወጉም ተቀመጡ እስኪባሉ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

ስለ መሬቷ ሲጠየቁ ሰፌድ አስመጥተው ቀይ ማሽላ ነሰነሱበት፤ ይህ ሁሉ ሰሃራ ነው አሉ። በላይኛው ጠርዝ አንድ እፍኝ ሽምብራ ደረደሩ፤ ሕዝቡ የሚበዛው እዚህ፣ በተራራውና በባሕሩ መካከል ነው። ስንዴ፣ ወይራና ወይን ያበቅላል፤ ከአሸዋው ሥር ደግሞ ነዳጅ አለው። አባቴ ባሕሩ ዓሣ እንዳለው ጠይቆ፣ መኖሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሐጂ ግን ማሽላውን በጣታቸው እየገፉ፣ ለሙሽራዋ የሚደርሳት አሸዋው እንዳይሆን ሰጉ።

ወደ ዘሯ ሲደረስ መምህሬ ደረታቸውን ነፉ። ዐረቡም በርበሩም ልጆቿ ናቸው፤ ፈረንሳይ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከገዛት በኋላ፣ ወንዱም ሴቱም ተዋግቶ ነፃ ካወጣት ገና ሃያ ዓመቷ ነው። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ነበርኩ።

«ዕድሜያቸውስ ተመጣጥኗል» አለ አባቴ።

የቀረው ጠባይ ነበር። እዚህ ላይ መምህሬ የያዙትን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገለባበጡ፤ ሕዝቡ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል ግን አይናገርም። ሐጂ የጠበቁት ይህንኑ ነበር።

«ብትታመም ማን ያያታል? ዘመድ የላት፣ ጎረቤት የላት።»

እናቴ ሐቢባ ሰፌዱን ከዶሮ እየጠበቀች ነበር። «ሐጂ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ጅዳ ላይ ታመው ሲወድቁ ሦስት ቀን ተምርና ወተት ያቀመሱዎት ሽማግሌ፣ የየት አገር ሰው ነበሩ?»

ታሪኩን በየመውሊዱ ስለሚተርኩት መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ደፍሮ የሚያስታውሳቸው ነው የጠፋው። ሐጂ ጢማቸውን ደባበሱ።

«የአልጀሪያ» አሉ በመጨረሻ። «ደግ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው።»

አባቴ ተነሣ፤ ታናናሾቼንም ከጓሮ አስጠራ።

«ስሙ እንግዲህ። ሂንድን ለአልጀሪያ ሰጥቻለሁ። የመልስ ጥሪዋ በየክረምቱ ነው። አዲስ አበባ ድረስ የሚሸኟት ሐጂ ናቸው።»