ሽቅብ የሄደ ውሃ

፩.

ግራዝማች ወርቅአገኘሁ፤ የጉድጓድ ውሃ ሳይለኩ ቁርስ የማይቀምሱ።

አቶ ይነሱ ተድላ፤ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ሲያዩ ወረቀቱን ሳያነቡ የሚመልሱ።

አቶ ኃይለ ልዑል ደጀኔ፤ አንዱን ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ለክተው፣ ሦስቱ ካልተስማሙ አራተኛ የሚለኩ።

የውሃን ልክ ያስተማሩኝ እነዚህ ናቸው። ሦስቱም አልፈዋል። ስማቸውን ከመግቢያዬ ያኖርሁት ለክብራቸው ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ፤ የፈራ ሰው አስቀድሞ የሚጠራው ታላላቆቹን ነው።

፪.

በሰንበሌጥ ሜዳ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ነበር። ለአንበጣ መከላከያ የመጣ መርዝ ይከማችበት ነበር። መርዙ ጊዜው ሲያልፍ በርሜሎቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀበሩ፤ ያን ጊዜ መቅበር ማስወገድ ይመስለን ነበር። በርሜሎቹ ዛጉ።

ካቻምና የጽዳት ፕሮጀክት መጣ። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ፣ በከረጢት ታሽጎ ተወሰደ። ከአፈሩ አልፎ ከከርሰ ምድር ውሃ የገባውን መርዝ ግን በከረጢት ማሸግ አይቻልም። ስለዚህ አካሄዱን ለመከታተል ሁለት መቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ አንዱ በወንዙ በኩል፣ ሌላው ዳገቱ ላይ ባለው ሠፈር በኩል። የክዳኖቻቸው ቁልፍ «ለሽማግሌ ይሰጥ» ተባለና ለእኔ ተሰጠ። አርባ ዓመት በውሃ ሥራ አገልግያለሁና አልተቃወምሁም።

በዚያው ሰሞን፣ ለሠፈሩ የመጠጥ ውሃ ተብሎ፣ ከዳገቱ ላይ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ተተከለ።

፫.

የጥቅምት ስብሰባ፤ እንደተነገረው።

ኢንጂነር አቤኔዘር (የፕሮጀክቱ ባለሙያ፣ ዕድሜው ከሠላሳ የማይሞላ)፦ ካርታው ላይ ቀስቱን እዩት። የተበከለው ውሃ የሚወርደው ወደ ወንዙ ነው። እዚያ እየሳብን እናጣራዋለን። ሠፈሩ ከላይ ስለሆነ ምንም አያሰጋችሁም።

እኔ፦ ቀስቱ የተሳለው ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ነው። ፓምፑ ሳያቋርጥ ከሳበ፣ ውሃው ወደ ሠፈሩ ሊዞር ይችላል።

አቤኔዘር፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተሰልቷል። ዳገት ሽቅብ የሚወጣ ውሃ የት አይተው ያውቃሉ?

(ሳቅ።)

አቶ ቢራቱ (የዕድራችን ዳኛ)፦ ተዋቸው ልጄ! ጋሽ ደምሰው ከጡረታ ወዲህ መንገድ ይጠፋቸዋል፤ ውሃውም የጠፋበት መስሏቸው ነው!

(ረዥም ሳቅ።)

እኔ፦ ተናግሬአለሁ።

ተቀመጥሁ።

፬.

ባደግሁበት ቤት ሽማግሌ ቃሉን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ያልሰማው ሰው ኋላ ራሱ መጥቶ ይጠይቃል። ቃሉን የሚደግም ሽማግሌ ከለማኝ ይቆጠራል።

አልደገምሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በመጀመሪያው ሥርዓት አልሁት። በሁለተኛው ኩራት አልሁት። አሁን ያለ ስም ትቼዋለሁ።

፭.

አንተም ትለካ እንደ ሆነ፦

የብረት ሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀባው። ክዳኑን ክፈት፤ ፊትህን ግን አታስጠጋ። ሜትሩን በቀስታ አውርድ። አውጣው። ጠመኔው የረጠበበት ቦታ የውሃው ገጽ ነው። ጻፍ፤ በቀለም።

ሁለተኛውን ጉድጓድም እንዲሁ ለካ። የሁለቱን አፍ የከፍታ ልዩነት አስላ። ውሃው የሚሄደው ገጹ ዝቅ ወዳለበት ነው። ዳገቱን አትመልከት፤ ዳገት የአፈር ነው።

እጅህ ከተንቀጠቀጠ ድገም።

፮.

ጥቅምት ፳፰። በሠፈሩ በኩል ያለው የውሃ ገጽ በዐሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ወደ ወንዙ ያጋድላል። ወጣቱ ልክ ነው።

ኅዳር ፭። በሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ይላል።

ኅዳር ፲፪። በዘጠኝ ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሦስቱ ተስማሙ። ቢሆንም አራተኛ ለካሁ።

ዞሯል።

፯.

ከኅዳር ፲፪ እስከ ኅዳር ፳፮።

 

ዝም።

 

 

ዝም።

 

አቤኔዘር መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። በመንገድ ስንገናኝ ጎንበስ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ይላል፤ አጸፋውን እመልሳለሁ፤ ያልፋል። አልጠየቀም። እኔም ለራሴ፦ መርዙ ከፓምፑ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፣ አልሁ።

ይህን አልለካሁትም።

፰.

ሰናይት ልጄ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ። ቤቷ ከዚያው ሠፈር ነው። ከአሮጌው የቧንቧ መስመር ትቀዳለች ብዬ አምኜ ነበር።

ይህንንም አልለካሁትም።

ኅዳር ፳፮ ልጠይቃት ሄድሁ። ገና ከመቀመጤ ብርጭቆ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ ይቅመሱት እስቲ። የአዲሱ ፓምፕ ነው። ያ የአሮጌው መስመር ውሃ ጨው ጨው እያለ ቃር ሲያስነሳብኝ ከጥቅምት ጀምሮ ተውኩት።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። የጠራ ነው። ሽታም የለውም። መርዝ ሽታና ቀለም ሳይኖረው ሰው እንደሚጎዳ ለስንት ተማሪ ያስተማርሁ እኔ ነኝ።

«ምነው? ይጠጡ እንጂ።»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ጉድ! የቀረበ ውሃ መመለስ ነውር ነው ብለው አልነበር እንዴ ያሳደጉን?»

እየሳቀች ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ጨለጠችው።

እጄን ዘርግቼ ነበር። አልደረስሁም።

፱.

ወደ አቤኔዘር ቢሮ ሮጥሁ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲሮጥ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። ይይ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? ይቀመጡ፤ ውሃ ላምጣልዎት?»

«ውሃ አልፈልግም። ፓምፑን አስዘጋው።»

«ፓምፑን? ለምን?»

ደገምሁለት። የጥቅምቱን ቃል፣ አንድም ሳልቀንስ። የገጹንም ቁጥር ነገርሁት፤ ዘጠኝ ሳንቲሜትር፣ ወደ ሠፈሩ። የለካሁበትን ቀን አልነገርሁትም። እርሱም አልጠየቀኝም፤ የክዳኖቹን ቁልፍ ተቀብሎኝ መሣሪያውን አንሥቶ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ዐሥራ ሰባት ደርሷል» አለኝ።

ፓምፑ የዚያኑ ዕለት ቆመ። የሠፈሩ ሰው ለቦቴ ውሃ ይሰለፍ ጀመር። ከቧንቧው የተወሰደው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሄደ፤ በስድስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። መርዙ ደርሷል።

፲.

የሰናይት ቤት። ሦስት ሰዎች ነን። እንደተነገረው።

አቤኔዘር፦ እህቴ፣ ስትጠጡት በነበረው ውሃ ውስጥ የመጋዘኑ መርዝ ተገኝቷል። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እንወስድሻለን።

ሰናይት፦ ልጄስ?

አቤኔዘር፦ እሱን ሐኪሙ ነው የሚነግርሽ። እኔ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም።

ሰናይት፦ (ሁለት እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ) መቼ ነው ያወቃችሁት?

(እኔ ወደ አቤኔዘር አየሁ።)

ሰናይት፦ ሁለታችሁንም ነው የጠየቅኩት። ቀኑን ንገሩኝ። አንተ ጀምር፤ ከአንተ ቀጥሎ አባባ ይናገራሉ።

አቤኔዘር፦ እኔ ያወቅኩት ፓምፑ የቆመ ዕለት ነው፤ ኅዳር ሃያ ስድስት። ማወቅ የነበረብኝ ግን በጥቅምት ነበር። አባትሽ በሰው ፊት ነግረውኝ ሳቅኩ፤ ሰዉንም አሳቅኩባቸው። ካርታዬን አምኜ አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አልለካሁም። የማሳብበው ሰው የለኝም። ተሳስቻለሁ።

እኔ፦ ኅዳር ዐሥራ ሁለት።